ያልተቆረጠው ቅርፊት

ሰኞ 3፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬ ጨክኜ ጠየቅኩ። ለራሴ ብዬ ሳይሆን ለደንበኛ ብዬ።

የምሠራው ላውንደሪ ነው፣ ካውያ ላይ። የሙሽራ ቬሎም የዳኛ ካባም በእጄ ያልፋል። የዱር እንስሳት ጥበቃው ሰውዬ አረንጓዴ ዩኒፎርሙን ሰኞ ሰኞ ያመጣል፤ የደረት ኪሱ ቁልፍ ሁልጊዜ ይላላል፣ እኔም ሳይጠይቀኝ አጠብቅለታለሁ። ይኼን ያህል ካገለገልኩት አንድ ጥያቄ አይከፋውም ብዬ፣ «አንድ ደንበኛ አለን፤ ቤቱ ትንሽ አዞ ያሳድጋል አሉ። እንደው ይፈቀዳል?» አልኩት።

ደረሰኙን ወደ ኪሱ ሲከት ቆም አለ። «ትንሽ ስትዪ ምን ያህል?»

«ትንሽ ነው መሰለኝ። እኔ አላየሁትም።»

«አዞ ትንሽ ሆኖ አይቀርም እህቴ።» ደንቡን አገላብጦ እንደሚነግረኝ ቃል ገባ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞሮ፣ «ደንበኛሽ ሰፈሩ የት ነው?» አለኝ።

«ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው የሰው ኮት እንጂ የሰው ቤት አይደለም» አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ የአንዱን ሸሚዝ ኮሌታ አቃጠልኩ።

ሰኞ 3፣ ማታ

ለማንም የማልነግረውን እዚህ ልጻፈው፤ አለዚያ አንድ ቀን ከአፌ ያመልጠኛል።

አዞው የባለቤቴ ነው። የሚኖረው ከጭንቅላታችን በላይ፣ ጣሪያው ላይ ባለው አሮጌ የግንብ ታንከር ውስጥ ነው። አዲሱ የፕላስቲክ ታንከር ከተተከለ ወዲህ አሮጌው ተሰንጥቋል ተብሎ ተትቷል። ተሰንጥቋል ያለው ባለቤቴ ነው። የመጨረሻው ፎቅ ላይ ስለምንኖር የጣሪያው ቁልፍ እኛ ዘንድ ነው፤ ማንም ጠይቆን አያውቅም።

ባለቤቴ ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የሠራው አዞ እርባታ ነው፣ ማስፈልፈያው ክፍል። እዚያ እንቁላል አይገለበጥም። ላዩ ላይ በእርሳስ ነጥብ ተደርጎበት እንደተኛ ነው የሚነሳው፤ ከተገለበጠ ውስጡ ያለው ይሞታል። እስከ ዛሬ የዶሮ እንቁላል እንኳ ከሱቅ ሲያመጣ ሕፃን ያቀፈ ነው የሚመስለው። «እሱኮ መጠበሱ ነው» እያልኩ እስቅበት ነበር። የተፈለፈለው ሁሉ ደግሞ ጭራው ላይ እንደ መጋዝ ጥርስ ከቆሙት ቅርፊቶች ይቆረጥበታል። የእርባታው ምልክት ያ ነው፤ የትኞቹ እንደተቆረጡ አይቶ በየትኛው ዓመት እንደተወለደ ይታወቃል። የሚቆርጠው እሱ ነበር። ይኼኛው ግን መንጋጋው ጠማማ ሆኖ ወጣና ይጣል ተባለ። ባለቤቴ ጥግ ላይ ደብቆ አሳደገው። «ለሚጣል ነገር ምን ብዬ አቆስለዋለሁ» ብሎ ስለት አላስነካውም። ጠማማዬ ነው የሚለው።

እርባታው ሲዘጋ በምሳ ዕቃ ቦርሳው ይዞት መጣ። መታጠቢያ ቤት አስቀመጠው፤ እኔም አበድኩ። ከቀናት በኋላ ግን ሌላ የሚያሳብድ ነገር መጣ። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አይላጭም፣ አይበላም፣ ስጠራው አቤት አይልም። ያን ጊዜ የልብስ ማስጫውን ገመድ ከጣሪያ ላይ ፈትቼ ላውንደሪ ወሰድኩና ከካውያው ጠረጴዛ ሥር አስቀመጥኩት። ለጎረቤት ተበጠሰ አልኩ። ከአልጋ ያስነሳው ጠማማው ነው። ይርበዋል፣ ውሃው ይቆሽሽበታል፣ ስለዚህ ባለቤቴ መነሳት አለበት። ጉሮሮው ውስጥ እንደ ጫጩት የሚመስል ድምፅ ሲያሰማ ጠማማው ይመልስለታል። ለእኔ ያልመለሰውን ለእሱ እየመለሰ ዳነ። ቅናት ነው ቢሉኝ አልክድም፤ ግን ባሌ ተነስቶ ቆሞልኛል።

ጠማማው ያኔ ከክንዴ አይበልጥም ነበር። አሁን ምን ያህል እንደሆነ አላውቅም። ወደ ጣሪያው አልወጣም።

ሐሙስ 6

ቸኩያለሁ። የጥበቃው ሰውዬ ብቅ አላለም።

ሦስተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ ደረጃ ላይ ያዙኝ። «ልጄ፣ መታጠቢያ ቤቴ ቧንቧ ውስጥ ሰው ያቃስታል።»

አየር ነው አልኳቸው።

«አየር ሲያቃስት ሌላ አየር ይመልስለታል?»

የአሮጌው ታንከር ቧንቧ የሚወርደው በእሳቸው ግድግዳ ውስጥ ነው ለካ። ይኼን ማን አስቦት።

ቅዳሜ 8፣ ማታ

የሕንፃው ኮሚቴ ስብሰባ። ጸሐፊዋ እኔ ነኝ፤ እጽፋለሁ እንጂ አልናገርም። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ዛሬም ሰው ለመናገር እጁን እንዲያወጣ ይፈልጋሉ። ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ሁሉም ጀሪካን ተሸክሞ ወገቡ ተቆርጧል። አሮጌው ታንከር ለምን አይጠገንም የሚል ተነሳ።

«ተሰንጥቋል» አልኩ፣ እጄን ሳላወጣ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«ማን አይቶታል?» አሉ ሊቀመንበሩ። ማንም አላየውም። «እንግዲያው የሰማነውን ስንጥቅ ነው የምንፈራው።» ቅዳሜ 22 ቧንቧ ሠራተኛ ወጥቶ ይየው ተባለ። ቃለ ጉባኤው ላይ በገዛ እጄ ጻፍኩት። ፊደሎቼ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ዘመሙ።

ባለቤቴ ሲሰማ ይርበተበታል ብዬ ነበር። እሱ ግን፣ «ከዚያ በፊት ሕጋዊ ካደረግነው ማን ያስወጣዋል? ታንከሩን እንከራየዋለን» አለኝ። ሲያቅድ ካየሁት ስንት ጊዜዬ ነው። «ሰውዬሽ መልሱን ቶሎ ያምጣ» አለኝ፣ ሰውዬው የእኔ ይመስል።

ሰኞ 10፣ ማታ

ሰውዬው መጣ። የነገረኝ ሁለት ነገር ነው፤ ሳይምታታብኝ ልጻፈው።

አንደኛው። ከእርባታ የወጣ፣ ጭራው ላይ ምልክት ያለው አዞ የሚቀመጥበት ቦታ ታይቶ ፈቃድ ይሰጠዋል። ምልክት የሌለው ከዱር እንደተሰረቀ ይቆጠራል። እጄ ላይ ነው የተፈለፈለው ብሎ መማል አይሠራም። እስራት አለው።

ሁለተኛው። ምልክት የሌለውን በገዛ እጁ አምጥቶ ያስረከበ ሰው አይጠየቅም። አዞውን ሐይቁ ዳር ያለው መጠለያ ይወስደዋል፣ ሰውዬው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

«ሁለተኛውን ሳትነግሪው እንዳትቀሪ» አለኝ ሱሪውን እየተቀበለ። «አንደኛውን ብቻ የሰማ ሰው የማይሆን ነገር ያደርጋል።»

ቤት ስገባ ባለቤቴ ታንከሩን ሲቦርሽ ውሎ እስከ ጉልበቱ ርሷል። እያንጎራጎረ ሽንኩርት ይከትፋል። ሲያንጎራጉር ድምፁ አያምርም፤ ዛሬ ግን ቆሜ ሰማሁት።

«ምን አሉ?»

አንደኛውን ነገርኩት። ቢላዋውን አስቀመጠ።

«ያልቆረጥኩት እኮ አዝኜለት ነው» አለ። «ብቆርጠው ኖሮ ዛሬ ወረቀት ነበረው።» እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ «ሌላስ? ሌላ ምንም አላሉም?» አለኝ።

አላሉም አልኩት።

ባሌን አውቀዋለሁ። አስረክብ ከተባለ ያስረክባል። ነገ ማለዳ መንጋጋውን አስሮ፣ ተሸክሞት ሄዶ፣ አመሰግናለሁ ብሎ ይመለሳል። ከዚያ ወዲያ በምን ምክንያት ከአልጋ እንደሚነሳ ነው የማላውቀው። ሁለተኛውን ነገ እነግረዋለሁ። ዛሬ እራቱን ይብላ።

ረቡዕ 12

አልነገርኩትም። ነገ።

የእትዬ ድመት ጠፋች። አንገቷ ላይ ትንሽ ቃጭል አለች፤ ሌላ ጊዜ ደረጃው ላይ ስትሮጥ ትሰማ ነበር። እትዬ በሰሃን ወተት ይዘው ከፎቅ ፎቅ ይጣራሉ። ባለቤቴ አብሯቸው ሲፈልግ ዋለ፣ ምድር ቤቱን፣ የመኪና ሥር ሳይቀር። ልቡ ደግ ነው። ጣሪያውን ግን እኔ አይቼዋለሁ አላቸው።

ዓርብ 14

አውራ ጣቱ ላይ ጨርቅ ጠምጥሞ አገኘሁት። ቆርቆሮ ነው አለኝ። የቱ ቆርቆሮ ብዬ አልጠየቅኩም።

ነገ።

እሑድ 16፣ ከሰዓት በኋላ

ባለቤቴ ጣሪያው ላይ ካልወጣሽ ብሎ ለመነኝ፤ ወጣሁ። ካልቀረ ልቡ ደስ ብሎት እያለ ሁለተኛውን እዚያው እነግረዋለሁ ብዬ ነበር።

የብረት ክዳኑን ገፋ አደረገው። መጀመሪያ ውሃ ብቻ ነበር። ባለቤቴ ያንን የጫጩት ድምፅ አሰማ። ከጥጉ አንድ ነገር ተነሳ። ትንሽ አይደለም። በቁሙ ቢያቆሙት ወገቤን ያልፋል። ከጠማማው መንጋጋ በግራ በኩል ጥርሶቹ ወደ ውጭ ቀርተዋል፤ የሚስቅብኝ ነው የመሰለኝ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሳም። ያውቀኛል ይላል ባለቤቴ፤ እኔ ያየሁት ግን ባለቤቴ እሱን ማወቁን ብቻ ነው።

«ጭራውን እይው» አለኝ። «አንድም አልጎደለም።» በጣቱ ከሩቅ እየቆጠረ የትኛውና የትኛው የዚያ ዓመት ምልክት እንደነበር አሳየኝ። «ገና ሲፈለፈል እንደ ጥፍር ነው፣ ቀጭ ሲል ያልቃል። አሁን ጠንክሯል።»

ስለ ድሮ ሥራው ሲያወራ ፊቱ ስለሚበራ ዝም ብዬ አዳመጥኩት። ብዙ አወራ። እጄን ይዞ ነው ደረጃውን ያወረደኝ፣ እንደ ድሮው። እንዴት ብዬ እዚያ መሃል እነግረዋለሁ? ፈሪ ነኝ እንጂ ሌላ ሰበብ የለኝም።

ሰኞ 17

«ደንበኛሽስ?» አለኝ ሰውዬው።

«እያሰበበት ነው።»

«ሁለቱንም ነግረሽዋል?»

አዎ አልኩት። ቁልፉን ሳጠብቅለት መርፌ ጣቴን ወጋኝ። ደሙ ዩኒፎርሙን እንዳይነካ እንጂ ስለ ጣቴ አላሰብኩም።

ረቡዕ 19፣ ማታ

ባለቤቴ እስኪተኛ ጠብቄ ነው የምጽፈው።

እራት ላይ እንደ ዋዛ፣ «አንቺ፣ ያ የልብስ ማስጫ ገመድ የት ደረሰ?» አለኝ።

ጉርሻዬን መልሼ አስቀመጥኩ። «ለምንህ ነው?»

«እንዲሁ፣ ለሥራ።»

«ጠፍቷል።»

«ገመድ እግር አውጥቶ ሄደ?» ሳቀ። «ግድ የለም፣ በቀበቶ ይሆናል።»

ደህና እኮ ነበር። ሲያንጎራጉር ነበር። ሰው እያንጎራጎረ እንደዚያ ያስባል? ወይስ የቆረጠ ሰው ነው የሚያንጎራጉረው? አንደኛውን ከሰማ ጀምሮ እስር ቤት እያየ ይሆናል። እኔ ነኝ ያሳየሁት። እሱ ሲታጠብ ቀበቶዎቹን ሁሉ፣ የሠርጋችንን ከረባት ሳይቀር፣ ሰብስቤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ላውንደሪ ወስጄ ከገመዱ ጋር አስቀምጣቸዋለሁ። ለምን እንደፈለገው ልጠይቀው አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ብጠይቀው የሚመልስልኝን ነው የፈራሁት።

ሐሙስ 20

ማለዳ። ከእርባታው የመጣውን የድሮ መቁረጫ ዘይት ሲቀባ አየሁት። ትዝታ ነው ብዬ አለፍኩ።

ነገ ከሥራ እንደወጣሁ እነግረዋለሁ። ከነገ አያልፍም፤ ቅዳሜ ቧንቧ ሠራተኛው ይመጣል። አብረን እናስረክበዋለን፣ ከዚያ እኔ እረፍት ወስጄ አጠገቡ እሆናለሁ። ሐይቁ ዳር በየሳምንቱ እየሄድን እናየዋለን። ይኼን ቀድሜ ባስበው ምን ነበረበት።

ዓርብ 21፣ ሆስፒታል

ኮሪደር። እትዬ ናቸው የደወሉልኝ። ደረጃው ላይ ደም።

ቀኝ እጁ ነው። ሌላ ነገሩ ደህና ነው ይላሉ።

ሐኪሟ ምን እንዳገኘው ጠየቀችኝ። ማሽን አልኳት። «የትኛው ማሽን ነው የሚነክሰው?» አለችኝ።

ሦስት ጣት። አውራ ጣቱና ትንሿ ተርፈዋል።

ሻርፔ እጁ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ቢጫዋ። ደሙን ሊያስቆምበት መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ 22፣ ማታ

ሊቀመንበሩ ደሙን ተከትለው ጣሪያ ወጥተው፣ ትናንትናውኑ ለዱር እንስሳት ጥበቃ ደውለው ኖሯል። ጠዋት ሰውዬው የሆስፒታል ክፍሉ ድረስ መጣ። አረንጓዴ ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ የደረት ቁልፉ ጥብቅ ብሎ። እኔን ሲያይ አልደነገጠም። ደንበኛዬን ቀድሞ አውቆት ነበር መሰለኝ።

ወንበር ስቦ ለባለቤቴ በዝግታ አስረዳው። አዞው በሕይወት አለ፤ በትልቅ ሣጥን ወርዶ ወደ መጠለያው ሄዷል። ጭራው ላይ አንድ ቅርፊት ተቆርጧል፣ ሁለተኛው ተጀምሮ ቀርቷል። «ይኼ ትኩስ ቁስል ነው። ምልክት ብዬ ልቀበለው አልችልም። ምልክት ለማስመሰል የተደረገ ነው ተብሎ ይጻፋል፣ ፍርድ ቤትም ይጠሩሃል።» ቀጠለና፣ «መንጋጋውን በሻርፕ ነው ያሰርከው?» አለው።

«ገመድ አጣሁ» አለ ባለቤቴ። «መንጋጋው ደግሞ ጠማማ ነው። ተንሸራተተ።»

ገመዱ እኮ ለአዞው ነበር። ለሥራ ነው ብሎኝ ነበር፣ እውነቱን ነበር። እኔ ነኝ በሻርፕ የላክሁት።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። «በእጁ ያስረከበ እንደማይጠየቅ ለባለቤትህ ነግሬያት ነበር» አለ። ለባለቤቴ ይበለው እንጂ የሚያየው እኔን ነው። «ነግረሽዋል ወይ ብዬም ጠይቄያታለሁ።»

ባለቤቴ አየኝ። ረጅም አይደለም፤ ሰው ሰዓት እንደሚያይ ነው ያየኝ።

«ነግራኛለች» አለ። «እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ሰውዬው ያንን ጻፈ። እንደዚያ መባሉ ለፍርዱ ይብስበታል፤ እኔም አውቃለሁ፣ ባለቤቴም ያውቃል። አይደለም ለማለት ምላሴ አልታዘዘኝም። ሰውዬው ሊወጣ ሲል ባለቤቴ፣ «ማታ ማታ ይጠራል» አለው። «ማንም ካልመለሰለት አይበላም።» እንዴት እንደሚመለስለት ለማሳየት ሞከረ። ድምፁ አልወጣለትም።

ረቡዕ 26፣ ማታ

ቤት ገብቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል።

ቧንቧ ሠራተኛው ታንከሩን አይቶታል። ስንጥቅ የለውም። አሁን ውሃ ሞልቶበት በየቤቱ ይወርዳል፤ ጎረቤቱ ሁሉ ልብሱን ያጥባል። ሊቀመንበሩ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ ባርኔጣቸውን አነሱልኝ እንጂ ምንም አላሉኝም። ቧንቧ ሠራተኛው ከታንከሩ ጭቃ ውስጥ ያገኘውን፣ የማን እንደሆነ ሳያውቅ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ትንሽ ቃጭል ናት። እትዬ ትናንት ሾርባ ይዘው መጥተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና፣ «አይዞህ ልጄ፣ ድመቴም ትመጣለች፣ አንተም ትነሳለህ» አሉት። ቃጭሏ ኪሴ ውስጥ ነበረች። እንዳትጮህ በእጄ ጨብጬ ቆምኩ።

ሾርባውን አሙቄ ሰጠሁት። አልነካውም። አጠገቡ ተቀመጥኩ። ሳይዞር፣ «ገመዱ የት ነው?» አለኝ።

«ላውንደሪ። ካውያው ሥር። ቀበቶዎችህም እዚያው ናቸው።»

«ለምን ወሰድሽው?»

እስከ ዛሬ ያላልኩትን አልኩት። እርባታው ከተዘጋ ጊዜ ጀምሮ አንድ ቀን ስመለስ አላገኘውም ብዬ እንደምፈራ። በሩን ስከፍት ሁልጊዜ መጀመሪያ የምሰማው ድምፁን እንደሆነ። አስረክብ ብዬ ብነግረው ከአልጋ የሚያስነሳው ነገር ያልቃል ብዬ እንደሰጋሁ። ሁሉንም ነገርኩት። አለቀስኩ እንጂ አላማረርኩም።

የታሰረ እጁን ደረቱ ላይ አስተካክሎ አስቀመጠ። ግድግዳው ውስጥ ውሃው ሲወርድ ይሰማል።

«ሁለተኛውን መቼ ልትነግሪኝ ነበር?» አለኝ።

«ነገ» አልኩት።